በሽማግሌ ስለተወሰደው ግራፊክስ ካርዴ

ለተከበሩ አቶ ተስፋሚካኤል
የብሎካችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የውኃ ታንከር ቁልፍ ያዥ፣ የደረጃ መብራት አብሪና አጥፊ
ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ ቃሊቲ

ግልባጭ፦ ለብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ፤ እንዲሁም ደረጃ ሲወጣ ደክሞት ለሚቆም ለማንኛውም ሰው

ጋሽ ተስፋሚካኤል፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ደረጃ አላስወጣ ብሎዎት ከግራውንድ ቤትዎ እንደማይነቃነቁ ሰምቼ ከልቤ አዝኜ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለት ሽማግሌ አስከትለው እኛ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ፣ አንዴም ሳያርፉ ሲወጡ አየሁና ፈጣሪን አመሰገንኩ። ጉልበትዎን የሚያድነው የሰው ዕቃ መሆኑን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ ተራ ገብቶ ያስታምምዎት ነበር።

ስሜ ዘኪያ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሩ የሙሀመድሁሴን ልጅ። በስብሰባ ላይ «ያቺ ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርቷን ጥላ ቤት የተቀመጠችው» እያሉ የሚያስተዋውቁኝ እኔ ነኝ። ስለማስተዋወቁ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ግን ያቋረጥኩት ዘጠነኛ ሳይሆን አሥረኛ ክፍል ላይ ነው፣ እሱ ቢስተካከልልኝ።

ደብዳቤውን ቢሮዎ ላስገባ ብዬ ነበር። ቢሮዎ ግን የሚከፈተው ሲከፈት ስለሆነ ከውኃ ፈረቃው ማስታወቂያ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ሰው እዚያ ጋ በየቀኑ ተስፋ አድርጎ ስለሚቆም አንባቢ አላጣም።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ላስረዳ። እኔ የምሠራው የካርቱን ፊልም ነው። ያለኝ ላፕቶፕ አንድ መሥሪያ ቤት ሰልችቶት የሸጠው ነው፤ ሠንጠረዥ ይከፍታል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከዚያ በላይ ከጠየቁት እንደርስዎ ጉልበት ነው። ካርቱን ደግሞ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር ይፈልጋል። ብርሃኑን፣ ጥላውን፣ ፀጉሩን እያሰላ ሥዕሉን የሚያወጣው እሱ ነው። ጠንካራው ካርድ ትልቅ ስለሆነ ላፕቶፕ ውስጥ አይገባም፤ የግዴታ ውጭ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ከተዘጋ ጌም ቤት አንድ ያገለገለ ካርድ ገዛሁ። የላፕቶፑን ሆድ ከፈትኩ፣ ዋይፋዩን ነቀልኩ፣ በዋይፋዩ ቦታ አንድ ጠፍጣፋ ገመድ ሰካሁ፣ በገመዱ ሌላኛው ጫፍ ካርዱን አሰርኩ። ለካርዱ መብራት የሚያቀብለው ከሞተ ዴስክቶፕ የወጣ ፓወር ሰፕላይ ነው። እንዳይግልም በእናቴ የሰሃን ማድረቂያ ላይ አጋደምኩት፣ ከላይም ከታችም አየር ያገኛል። አያምርም፣ አውቃለሁ። ግን ይሠራል። ብሎካችን ውስጥ የሚያምርና የማይሠራ ነገር ስንት እንዳለ ደግሞ ከርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ቁልፉ ሁሉ እጅዎ ላይ ነው።

አሁን ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ የካርቱን ስቱዲዮ የሙከራ ሥራ ሰጥቶኛል። ከቃሊቲ ታክሲ ተሳፍራ ሳሪስ የምትወርድ ፍየል፣ አጭር ፊልም ናት። ቅዳሜ ማታ ካስረከብኩ ይቀጥሩኛል፣ ካላስረከብኩ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ሰርተፊኬት አልጠየቁኝም፤ «ምን ትችያለሽ?» ነው ያሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚህ በፊት የለም፤ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ የሚለኝ «ለምን አቆምሽ?» ነው። ችግሩ ፍየሏ ፀጉር አላት። ያለ ካርዱ አንዷን ሥዕል ለማውጣት አባቴ አዳማ ደርሶ ይመለሳል፤ ፊልሙ ደግሞ ወደ ሺ የሚጠጋ ሥዕል ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ካርዱ እርስዎ ቤት ነው።

ከዚህ በመቀጠል ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አመጣጥዎ።

የብሎካችን መብራት መርገብገብ ሲጀምር ጥፋተኛ ፈለጉ፤ በኮምፒውተር የማይታይ ገንዘብ የሚቆፍሩ፣ ማይኒንግ የሚባል ሥራ የሚሠሩ ሰዎች መብራት እንደሚጨርሱ ሬዲዮ ላይ ሰሙ፤ በክፍት በራችን ደግሞ ሰሃን ማድረቂያ ላይ ተኝቶ ማራገቢያው የሚሽከረከር ነገር አዩ። ሦስቱን ገጠሙና ጨረሱ። እኔን ጠርቶ «ምንድነው ይሄ?» ማለት ግን ለክብርዎ ስላልመጠነ ሽማግሌ ይዘው መጡ።

ጋሽ ተስፋሚካኤል፣ እስቲ እናቴ በሩን ስትከፍት ያየችውን ይዩልኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ነው። በሩ ላይ ሦስት ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እናቴ ደግሞ የወሎ ሰው ናት፤ ሦስት ሽማግሌ ጋቢ ለብሶ ለምን እንደሚመጣ ማስረዳት አያስፈልጋትም። በአንድ እጇ እኔን ወደ ጓዳ ገፈተረችኝ፣ በሌላኛው ሻሿን አስተካከለች፣ «ግቡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ!» አለች። እርስዎም እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ለአንድ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ይሄን ያህል ክብር የተሰጠበት አገር ያለ አይመስለኝም።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የሰማሁትን፣ ቃለ ጉባኤ ካልያዛችሁ ብዬ፣ እንደወረደ አስፍሬዋለሁ።

«ወይዘሮ ዓሊማ፣ ቤታችሁ ስላለው ጉዳይ ልንለምናችሁ ነው የመጣነው።»

«አባቷ መንገድ ላይ ነው ጋሼ። እሷም ገና ልጅ ናት፣ ምኑም አልገባት።»

«ልጅ መሆኗን አይተን ነው በሽማግሌ የመጣነው። ፖሊስ መጥራት እንችል ነበር እኮ።»

«ፖሊስ?! ለዚህ ፖሊስ ምን አገባው?»

«መብራቱን ጨረሰችዋ!»

«የምን መብራት? ቆይ፣ ልጁ ማነው?»

«የምን ልጅ?»

«ጠያቂው ነዋ!»

«ወይዘሮ ዓሊማ፣ እኛ ማሽኑን ብለን ነው የመጣነው።»

እናቴ ልጇን የሚወስድባት እንደሌለ ስታውቅ እፎይታው አሰከራት። «እሱን ነው እንዴ? አላህ ይስጣችሁ፣ ውሰዱልኝ!» ብላ ከነሰሃን ማድረቂያው አንስታ አስታቀፈችዎት። ይኸው ሰሃኖቻችን ፎጣ ላይ ይደርቃሉ። ካርዱ በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ ነበር፤ እየሠራ ስለተነቀለ ፍየሏ በአንድ ጎኗ ፀጉራም፣ በሌላው ራሰ በራ ሆና ቀርታለች። ፎቶዋን ግሩፑ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የኮሚቴው ሥራ መሆኑ ከሥሩ ተጽፏል።

ሁለተኛ፣ ስለ ስሜ።

«ደረጃ ላይ ጮኸችብን» ብለው ለኮሚቴው ማቅረብዎን ሰማሁ። እውነት ነው፣ ጮኼያለሁ። ቂሊንጦ ድረስ ያልተሰማው ንፋሱ ወደዚህ ስለነበረ ነው። ግን ከኔ ጩኸት ይልቅ የእናንተ ጋቢ ነው ሰፈሩን ያዳረሰው። ሱቅ ዳቦ ልገዛ ስሄድ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ደበቅሽን አይደል!» ተባልኩ። አንዷ የልብስ ሰፊ ስልክ ሰጠችኝ። አባቴ ከሚሌ ደውሎ «ሽማግሌ ገባ አሉኝ፤ እኔ ሳልመጣ እሺ እንዳትሉ!» አለ። «አባ፣ ለግራፊክስ ካርዱ ነው እኮ የመጡት» አልኩት። «እሺ፣ ሥራው ምንድነው?» አለኝ። በረሃ ላይ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው፤ ማስረዳት አልቻልኩም። አሁን አባቴ አንድ የማያውቀውን ሙሽራ ሊመረምር ከነጭነቱ እየገሰገሰ ነው። ሲደርስ ወደ ማን እንደምልከው ይገባዎታል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛውን እናቴ አንብባ ሰርዛዋለች። «ሽማግሌ እንዲህ አይባልም፣ ነውር ነው» ብላኛለች። በግሩፕ የጠየቀኝ ካለ ግን በውስጥ እልክለታለሁ።

አራተኛ፣ ስለተደረገው ምርመራ።

ካርዴን ሳሎንዎ ውስጥ፣ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል አልብሰው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እንዳስቀመጡት በሩ ሲከፈት አይቻለሁ። ካርዱ በሕይወቱ እንደዚህ ተከብሮ አያውቅም። እኛ ቤት ሰሃን ማድረቂያ ላይ ነበር የሚተኛው። ብቻ፣ እባክዎን፣ መብራት ሊሰኩበት እንዳይሞክሩ።

ዲሽ የሚያስተካክለውን ጎረቤታችንን በባለሙያነት መጥራትዎንም ሰምቻለሁ። የቴሌቪዥኑን ገመድ ካርዱ ላይ ሰክቶ፣ ቁፋሮው የት እንደደረሰ በስክሪን ሊያሳይዎት ሞከረ አሉ። ሳሎን ሙሉ ሰው ተቀምጦ ጠበቀ አሉ። ስክሪኑ «ሲግናል የለም» አለ። ካርዱ ያለ ላፕቶፕ፣ ያለ ፓወር ሰፕላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ምን ሲግናል ይሰጥ? እርስዎ ግን ወዲያው ነው የገባዎት፦ «አያችሁ፣ ገንዘቡን ደብቃዋለች!» ቢታይ ኖሮ ጥፋተኛ ነበርኩ፤ አልታየም፣ የባሰ ጥፋተኛ ሆንኩ። እንደዚህ ያለ ምርመራ ላይ ክርክር አይገባም፣ እጅ መንሳት ነው።

አንድ ነገር ግን ጣል ላድርግ። ማይኒንግ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። እኔ ደግሞ ካርዱን የምሰካው ዋይፋዩን ነቅዬ፣ በዋይፋዩ ቦታ ነው። እየቆፈርኩ ከነበር ያለ አካፋ ነው የቆፈርኩት።

አምስተኛ፣ ስለ መብራቱ ራሱ።

ካርዴ ሙሉ አቅሙን ሲሠራ የሚበላው መብራት እርስዎ ያንን ጋቢ ያስተኮሱበት ካውያ ከሚበላው ያንሳል። ከተወሰደ በኋላ መብራቱ ተስተካከለ ወይ? ትናንትም ተርገበገበ፣ ዛሬም ተርገበገበ። ካርዱ ዳንቴሉ ሥር ሆኖ በምን መንገድ እንደሚያጠፋው ባለሙያዎ ቢያጣሩልን።

እኔ እንደው በድፍረት የምጠረጥረው፣ ኮሚቴው ለሠርግና ለለቅሶ የተሠራውን ኮሚናላችንን ለብየዳ ቤት ማከራየቱን ነው። ከዚያ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ቦግ ባለ ቁጥር የደረጃው አምፖል እልም ይላል። ቦግ፣ እልም። ቦግ፣ እልም። ይሄን አራተኛ ፎቅ ያለ ሕፃን ሁሉ እያየ ያጨበጭባል። በያጁን ጂራታን ክፉ እያልኩት አይደለም። እንደውም ወሬውን ሲሰማ እየሮጠ መጥቶ «አንቺ፣ ባንቺ ዕቃ ነው እንዴ ያላከኩት? እኔ ስበይድ እኮ የራሴም ሬዲዮ ይጠፋል!» ብሎኛል። ለርስዎም ኪራይ ሊከፍል ሲመጣ ነግሮዎት እንደነበር ነገረኝ። «ጨዋ ተከራይ ነህ፣ አንተ ሥራህን ሥራ» አላችሁት አሉ። ለጨዋ ተከራይ ያላችሁን አክብሮት አደንቃለሁ፤ እኛ ነዋሪ ብቻ በመሆናችን ይቅርታ።

ስድስተኛ፣ ስለ ወግ።

ልለምንዎት በርዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ያን ቀን አልጮኽኩም፤ ነጠላ አድርጌ፣ ጫማ አውልቄ፣ «ጋሼ» እያልኩ ነው የመጣሁት። እርስዎ ምን አሉኝ? «እኛ በሽማግሌ የተቀበልነውን ዕቃ ለልጅ አናስረክብም። ወግ አለ። ለጊዜው ነው የተያዘው፣ ሲጣራ ይመለሳል። ከቸኮልሽ ሽማግሌ ላኪ፣ ኮሚቴው በወሩ መጨረሻ ይነጋገርበታል።»

እሺ ብዬ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ። ጋሽ ተስፋሚካኤል፣ በዚህ ብሎክ የርስዎ ያልሆነ ሽማግሌ ማግኘት ውኃ ከማግኘት ይከብዳል። የመጀመሪያው የኮሚቴው ሒሳብ ተቆጣጣሪ ሆነው ተገኙ። ሁለተኛው ያን ቀን አብረዎት መጥተው እኛ ቤት ለስላሳ የጠጡት ራሳቸው ናቸው። ሦስተኛው ጥሩ ሰው ናቸው፣ አዳመጡኝ፣ አዘኑልኝ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ልጅ፣ የዕድራችንም ዳኛ እሱ ነው። ነገ ብሞት ድንኳን የሚያስተክለው ማነው?» አሉኝ። ምን ይባላል? ፍየሌ ፀጉር እንድታበቅል ብዬ ሰውዬውን ያለ ድንኳን አላስቀብር!

እስካሁን ስቀልድ ቆየሁ፤ አሁን ትንሽ ያለ ቀልድ ልናገር። ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ምን እንደምሆን አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ገና ሳይነጋ ሰርቪስ ተሳፍራ ቂሊንጦ ፋብሪካ ትገባለች፤ ጎበዝ ናት፣ ሥራዋንም አልንቅም። ለኔም ቦታ እንዳለ ነግራኛለች። ግን ያን ዕለት ሁሉን ሰካክቼ መጀመሪያ ሳስነሳው፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ላይ ያቺ ፍየል ወጣች፣ ፀጉሯ በታክሲው መስኮት ነፋስ ውልብ ውልብ አለ። እናቴ ድስቷን ትታ መጥታ «ይቺ የማን ናት?» አለች። «የኔ ናት» አልኳት። ትምህርት ቤት እያለሁ አንድም ቀን ስለምንም ነገር «የኔ ነው» ብዬ አላውቅም። እርስዎ የወሰዱት እሱን ነው። ዳንቴል ያለበሱት እሱን ነው።

ስለዚህ ወጉን አክብሬ፣ ከኮሚቴዎ ውጭ ያሉ ሦስት ሽማግሌ አግኝቻለሁ። ነገ ዓርብ በጠዋት በርዎ ላይ ይቆማሉ። አንደኛዋ ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፤ «ሴት ሽማግሌ የለም» የሚሉ ከሆነ ለራሳቸው ይንገሯቸው፣ እኔ ያን መልእክት አላደርስም። ሁለተኛው በያጁ ጂራታ ነው። ገና ወጣት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን መብራቱን የሚያጠፋው እሱ ስለሆነ ከሱ የበለጠ ጉዳዩን የሚያውቅ ሽማግሌ አይገኝም፣ ጋቢም ተውሷል። ሦስተኛው ኦቦ ሮሪሳ ናቸው። ነገ ጠዋት ካርዱ ከተመለሰልኝ ሌሊቱን ጨምሬ ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ። የወሩ መጨረሻ ከሆነ ግን አይምጡብኝ፤ ያኔ ካርዱን ለቡፌዎ ጌጥ ያድርጉት።

ጉልበትዎ እንዲህ እንደበረታ ይሰንብት። ቡፌዎ አይጉደል። ዲሽዎ ዝናብ ቢዘንብም አይቆራረጥ። ሬዲዮዎ ሌላ አዲስ ነገር ከማሰማቱ በፊት ባትሪው ይለቅ። በነጠላዬ ጫፍ መሬት እየነካሁ፣ ጫማዬን በርዎ ላይ አውልቄ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ዘኪያ ሙሀመድሁሴን
አራተኛ ፎቅ
በቁፋሮ የተጠረጠረች፣ እስካሁን ማንም ያልጠየቃት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ኦቦ ሮሪሳን ላያውቋቸው ስለሚችሉ ላስተዋውቅዎት። ከአጥሩ ወዲያ ባለችው ቆርቆሮ ቤት የሚኖሩት አዛውንት ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት መሬቱ የሳቸው ነበር። ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም፤ ቆመው ሲያዩዋቸው ግን አይሳቀቁ፣ እርስዎ ሳሎን ያለበት ቦታ የጤፍ አውድማቸው ስለነበረ መቆሚያውን ያውቁታል። ስለ ካርዱ ስነግራቸው ብዙም አልጠየቁኝ። «የወሰደው ኮሚቴ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ለጊዜው ነው፣ ሲጣራ ይመለሳል አሉሽ?» አዎ አልኳቸው። ከዘራቸውን አነሱና «እንግዲያው በጠዋት እንሂድ፣ ልጄ። እኔ ‹ሲጣራ› ብዬ ስጠብቅ ነው መሬቴ ላይ ፎቅ የበቀለው» አሉኝ።